ለአበጀ ያልተቆረጠው ሱፍ

ባለፈው ወር የእድራችን ጸሐፊ ቤቴ ድረስ መጥታ ስለ አባቴ አንድ ገጽ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። እድሩ ያሠራው አዳራሽ አልቋል፤ ግድግዳው ላይ የመሥራቾቹ ፎቶግራፍ ሊሰቀል ነው፤ ከየፎቶግራፉ ሥር ደግሞ አጭር የሕይወት ታሪክ ይለጠፋል። ጸሐፊዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ስለሆነች ሥራዋን ታውቃለች። የትውልድ ቦታ፣ የሥራ ዘርፍ፣ የልጆች ብዛት፣ ለአካባቢው የሰጡት አገልግሎት እያለች በወረቀት አስፍራ አመጣችልኝ።

ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ጻፍሁላት። አባቴ አቶ ፈንታሁን ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ተወልደው በወጣትነታቸው ባሕር ዳር መግባታቸውን፣ በጨርቅ ንግድ ሰባት ልጆች አሳድገው ማስተማራቸውን፣ እድሩን ከጎረቤቶቻቸው ጋር መሥርተው ለብዙ ዓመት በዳኝነት ማገልገላቸውን፣ የሰፈራችን ልጆች የተማሩበት የመጀመሪያው ክፍል ሲሠራ የጣሪያውን ቆርቆሮ የሰጡት እሳቸው መሆናቸውን ጻፍሁ። አንድም የተሳሳተ ነገር የለውም። ግን መልሼ ሳነበው የማንኛውም ደግ ነጋዴ ታሪክ ሊሆን የሚችል መሰለኝ። ስለ አንድ ቅዳሜ አልጻፍሁም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ነበርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሱቅ ውስጥ አባቴን አግዛለሁ። ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከሱቃችን ደጃፍ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው በመንገዱ ጫፍ ሐይቁን ያያል። አሁን ፎቅ ጋርዶታል። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበር። ውኃው ሸሽቶ የታንኳ መሥሪያው ደንገል ሥር ይታያል፤ ማንጎው መብሰል ጀምሯል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ እስኪመጣ ድረስ ሙቀቱ ሱቅ ውስጥ አያስቀምጥም። እናቴ በጾም ዓሣ አታስበላንም። ጎረቤቶቻችን ይበሉ ስለነበር እኛ ልጆቹ የዓሣውን ሽታ እያሸተትን እንጾም ነበር ማለት ይቻላል።

አባቴ ጨርቅ ሲሸጡ አንድ የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ደንበኛው ጨርቁን ሳይነካ በፊት ጣቃውን አንስተው ጉድለቱን ይነግሩታል። ይሄኛው ፀሐይ ይፈራል፣ ይሄኛው ሲተኮስ ያብለጨልጫል፣ ይሄኛው ለልጅ አይሆንም፤ ጉልበቱ ላይ ቶሎ ያልቃል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይስቁባቸው ነበር። ከመራዊና ከአንበሳሜ የሚመጣው ገበሬ ግን ሌላውን ሱቅ አልፎ ወደ እኛ ይመጣል፤ ጉድለት የለበትም ያሉትን ጨርቅ ማንም ሁለተኛ አያገላብጠውም። እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው። የእያንዳንዱን ጣቃ ጠባይ በቃሌ እንዳውቅ ያደርጉኝና ደንበኛ ፊት ይጠይቁኛል። ስመልስ ደስ ይላቸዋል። እኔም ይህን ደስታቸውን እወደው ነበር፤ ከዚህ በላይ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባታችንን አስከትለው ሐይቁ ዳር ይወስዱንና ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሸንኮራ በሰንጢ ይልጡልናል። ከትንሹ ጀምረው ወደ ትልቁ ነው የሚያድሉት። እኔ ሁለተኛ ልጅ ስለሆንሁ ብዙ እጠብቃለሁ። ለራሳቸው የሚተርፋቸው አንጓው ነበር።

የእድር ዳኛ መሆናቸው ደግሞ ሌላ ሥራ አምጥቶባቸዋል፤ መርዶ መንገር። ሩቅ አገር ሰው ሲሞት መልእክቱ ቀድሞ የሚደርሰው ለአባቴ ነው። እሳቸው ከቄሱና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይመክራሉ፤ የሟቹ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የሐዘንተኛው በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሰው እንደማያውቅ ሆኖ ይኖራል። ሰላም ይላል፤ ይስቃል፤ ይገበያያል። ለዛሬ ልጆች ይህ ጭካኔ ይመስላቸው ይሆናል። አሁን የሞት ወሬ በስልክ ይደርስና ሰው መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ ይሰማል። ያኔ ግን አንዲት እናት የልጇን ሞት ከቤቷ ውጭ፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት ከሰማች ነውሩ የሰፈሩ ሁሉ ነበር።

እትዬ የሻረግ የሰፈራችን ሰው ናት። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ ጌሾ ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። እትዬ ብንላትም የምናናግራት በአንቺ ነው፤ "እርስዎ ስትሉኝ ያልደረስሁበትን እድሜ ትጭኑብኛላችሁ" እያለች ራሷ ነች ያስለመደችን። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ሁለት ልጆች አሏት፤ ደብሬ ቁንዝላ አግብታ ሐይቁን ተሻግራ ሄዳለች፤ አበጀ ደግሞ ሰቲት ሁመራ ትራክተር ይነዳል። ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ሊያገባ ነበር።

ያን ሳምንት ሐሙስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሱቅ መጥቶ አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋገራቸው። ተመልሰው ሲገቡ የጨርቅ ዋጋ የጠየቃቸውን ሰው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ማታ እራት አልበሉም። ጾሙ ከብዷቸው ነው አልሁ። ለእናቴ ብቻ ነግረዋት ኖሯል፤ ለእኛ ለልጆቹ አልነገሩንም፤ ልጅ ወሬ አይቋጥርም ብለው ነው። አበጀ ከነትራክተሩ ተገልብጦ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ሽማግሌዎቹ የወሰኑት፣ ደብሬ እሑድ በጀልባ እንድትመጣ ሰው ተልኮባት፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እሷ ባለችበት ለእናቷ እንዲነገር ነበር። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ እትዬ የሻረግ ከወትሮዋ ቀደም ብላ መጣች። ያልተሸጠላትን ጥቂት ጌሾ በዘንቢል ይዛለች፤ በብብቷ ደግሞ የአበጀን አሮጌ ኮት ሸጉጣለች፤ ለልብስ ሰፊው ለልኬት የሚሆን ነው። በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሽ ፈንታሁን፣ ዛሬ ለአቡጀዲ አልመጣሁም" አለች። "ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ። የልጅቷ አባት የበሬውን ቁጥር እየደረደረ ነው የሚያወራው፤ እኛ ደግሞ በሱፍ እንገባለን።"

እኔ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከላይ መደርደሪያ ላይ ያለውን ግራጫ ሱፍ እንዲያወርዱላት አሳየቻቸው። አባቴ ወደ ላይ አዩት፤ አላወረዱትም።

"እሱ ይቅርብሽ" አሏት።

"ምን ሆኖ?"

"ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል።"

"ሙሽራ ዝናብ ላይ ማን ያቆመዋል?" አለች። አባቴ ከሰኞ በኋላ የተሻለ ይመጣል አሏት። ልብስ ሰፊው ዛሬ ካልተሰጠው ለፋሲካ አያደርስልኝም አለች። ሌላ ቀለም አሳዩዋት፤ አልፈለገችም። ቡናማውን ደግሞ ራሳቸው አጣጣሉት። ከአንበሳሜ ድረስ እየመጣ የሚገዛዎት ሰው እንዲህ የራስዎን ዕቃ ሲያረክሱ እየሰማ ነው ወይ ብላ ቀለደችባቸው። አሁንም ግራጫው ይውረድልኝ አለች፤ አንዴ ብቻ ልንካው፤ ቆርጠው ይስጡኝ።

እኔ ጣቃውን አውቀዋለሁ። ያን ሱፍ ለፍርድ ቤቱ ዳኛ ስንቆርጥ ጫፉን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አባቴ ከሌላ ጣቃ ጋር ያምታቱት መሰለኝ፤ ከዚያም አልፎ የጣቃውን ጠባይ ማጥናቴን አሳይቼ ላስደስታቸው ፈለግሁ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ለዳኛው የቆረጥነው ነው" አልኋቸው። "ታጥቦ ለብሰውት አይቻለሁ፤ ምንም አልሆነም። ካሉት ሁሉ ይሄ ይሻላል ያሉኝም እርስዎ ነዎት።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረም። ውኃ ላይ የያዙት ነገር ከእጃቸው ያመለጣቸው ሰው ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ከዱካው ላይ ተነሳች። ፈገግታዋ ጠፍቷል። ኮቱን ከብብቷ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ጋሽ ፈንታሁን፣ ጨርቁን ለምን ከለከሉኝ?"

አባቴ የሜትሩን እንጨት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ደብሬ ናት ወይስ አበጀ?" አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ።

"ቤትሽ እንሂድ" አሉ አባቴ።

"እዚሁ ይንገሩኝ።"

"እዚህ የምነግርሽ የለኝም፣ እህቴ። ቤትሽ እንሂድ።"

ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው ጌሾ ያለበትን ዘንቢል ከመሬት አነሱ። ለእኔ በሩን ዝጊና ተከተይን አሉኝ። ቁልፉ እንቢ አለኝና እንዲሁ ገጠም አድርጌ ትቼው ወጣሁ።

ከሱቃችን እስከ እትዬ የሻረግ ቤት ገበያውን አቋርጦ መሄድ ነው። እሷ መሐል መንገዱን ይዛ ኮቱን እንደታቀፈች ትሄዳለች፤ አባቴ ጎኗን አይለቁም። ባለ ኮትና ባለ ባርኔጣ የእድር ዳኛ በጠራራ ፀሐይ የጌሾ ዘንቢል ተሸክመው ሲሄዱ ያየ ሰው ኖሮ አያውቅም። አንዲት የበርበሬ ነጋዴ፣ ምንም ያላወቀች፣ ጌሾው እንዴት ዋለልሽ ብላ ጠየቀቻት። እትዬ የሻረግ ቆማ "እግዜር ይመስገን፣ ተሽጧል" ብላ መለሰችላት። ሌላዋ ስለ ደብሬ ልጅ ጠየቀቻት፤ ጥርስ አወጣ አለቻት። ቃሉ እስካልተነገራት ድረስ ገና አልሆነም፤ እሷም እንዳልሆነ አድርጋ ትሄድ ነበር። የገበያው ሰው ግን ዘንቢሉን ያያል፤ የሚሸከመውን ሰው ያያል፤ ከዚያ ኮቱን ያያል። በርበሬዋን ትታ ከኋላችን የመጣችው መጀመሪያ ያች ሴትዮ ነች። ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። ብረት ቀጥቃጩ ሽርጡን እየፈታ መጣ። አንድም ሰው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ አንድም ሰው አልጮኸም። ከኋላዬ የሚሰማኝ የእግር ድምፅ ብቻ ነበር፤ እየበዛ ይሄዳል።

አባቴ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። ያኔ ለምን እንደሚዘገዩ አልገባኝም፤ ቶሎ ተደርሶ ቢያልቅ ብዬ እመኝ ነበር። ሰው እስኪሰበሰብላት እየጠበቁ እንደነበር የገባኝ ራሴ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው።

እትዬ የሻረግ በሯ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። የገበያው እኩሌታ ከኋላዋ ቆሟል። አየችው፤ ብዙ አየችው።

"አበጀ ነው" አለች። አልጠየቀችም።

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አዎ። አበጀ ነው።"

ሴቶቹ ያዟት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ዘንቢሉን ለእኔ አቀብለውኝ ከሷ ጋር ገቡ። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጌሾው እየሸተተኝ እንዲህ ያደረግኋት እኔ መሆኔን አስብ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቁንዝላው ጀልባ መጣ። አባቴ ማረፊያው ድረስ ወርደው ደብሬን ራሳቸው ተቀበሏት፤ እናቴና እኔም አብረን ነበርን። ልጇን አዝላለች። እናትሽን አሟታል ተብላ ነበር የተጠራችው። አባቴ ነገሯት። ቆይታ፣ "እናቴ ማን ባለበት ሰማች?" ብላ ጠየቀቻቸው። ብቻዋን አልነበረችም አሏት።

"እኔ ግን አልነበርሁም፣ ጋሽ ፈንታሁን" አለች።

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው "አዎ፣ አንቺ አልነበርሽም። ይቅር በይኝ" አሏት። የእኔን ስም አላነሱም። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለማንም አላነሱትም። ሰፈሩ የሚያውቀው አቶ ፈንታሁን ምሥጢር መያዝ አቅቷቸው ፊታቸው እንዳጋለጣቸው ነው። አንዳንዱም፣ እንዲህ ከሆነ መርዶ ለሳቸው መስጠት ይቅር እስከማለት ደርሶ ነበር። እሳቸው ሰምተው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ።

ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እያጠፍን ሳለ እናቴ ምሳ ይዛ መጥታ፣ ለምን ሱፉን ቆርጠህ አልሰጠሃትም፣ ሰኞ መልሰህ ትወስደው አልነበር ወይ አለቻቸው። አባቴም፣ ለሞተ ልጅ የሙሽራ ልብስ ለክቼ፣ ይመርቅልሽ ብዬ እሰጣታለሁ፤ ከሰኞ በኋላ ያን ምርቃቴን ስታስታውስ እንዴት ትሆናለች አሏት። እናቴ ስትሄድ ወደ እኔ ሳይዞሩ እንዲህ አሉኝ፦

"አንቺ ያስተማርሁሽን ነው የተናገርሽው። ሳልነግርሽ ከጎኔ ያቆምሁሽ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጣቃውን ማጠፍ ቀጠሉ። ስለዚያ ቅዳሜ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ከእንግዲህ መርዶ ከአንድ ሌሊት በላይ አይደር፤ ዘመድ ባይደርስ እንኳ እኛ ዘመድ እንሁን ብለው አባቴ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ክርክር ተነስቶ በመጨረሻ ጸደቀ። እስካሁንም የእድራችን ልማድ እሱ ነው። ጸሐፊዋ ደንቡ ከየት እንደመጣ ጠይቃኝ ነበር፤ አባቴ ያመጡት መሆኑን ብቻ ነገርኋት።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እትዬ የሻረግን ስሸሻት ነበር። መንገድ ላይ ሰላም እላታለሁ፤ እንዴት ነሽ ስትለኝ አልቆምም። ጌሾ የምገዛው ከሌላ ሴት ነበር። ያወቀችብኝ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ሲያርፉ እትዬ የሻረግ አርጅታ በከዘራ ትሄዳለች። በሣልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ስለ ኑግ መወደድ፣ ስለ እግሯ ሕመም ጥቂት ካወራች በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለምን እንደምሸሻት ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እንደዚያ ቀን ብዙ የተናገርሁበት ጊዜ የለም። እሷ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"አንቺ አይደለሽም የነገርሽኝ" አለችኝ። "ሱቁ በገባሁ ቁጥር አባትሽ ከሰላምታው አስቀድመው 'አበጀ እንዴት ነው?' ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን አልጠየቁኝም። ስሙን እኔ ጠራሁት፤ እሳቸው አልጠሩትም። ሱፉን የሙጥኝ ያልሁት ለምን ይመስልሻል? መቀሱን ካነሱልኝ ልጄ ደኅና ነው ማለት ነው ብዬ ነበር።"

እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና ከዘራዋን ይዛ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ በቀጣዩ ክረምት እሷም አረፈች።

አሁን እኔም ያኔ እሷ የነበረችበት እድሜ ላይ ደርሻለሁ። ያን ቅዳሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስንት ጊዜ መልሼ አስቤዋለሁ። ዱካው ላይ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ስለ በሬው ምን እንዳለች፣ ሳቋን ሁሉ አስታውሳለሁ። ልጇ እንደሞተ የጠረጠረች ሴት እንደዚያ ትስቃለች ወይ እላለሁ። አባቴ ስለ አበጀ ጠይቀዋት እንደሆነ፣ ሳይጠይቋት ቀርተው እንደሆነ ግን ከቶ ላስታውሰው አልቻልሁም። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ወይም አባቷ ከሞተባት ሴት ላይ አንድ ሸክም ልታነሳላት ብላ፣ አባቴ ያን ሱፍ ይሰበሰባል እንዳሉት፣ እሷም እንዲያ ብላኝ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ መፈለጌን ትቻለሁ።

ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ግን ላመሰግናት ሲገባኝ "እሺ" ብቻ ነው ያልኋት።